ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለው ተራራና ስድስቱ ወጣቶች

በመላው ብሪታንያ ከቤን ኔቪስ የሚበልጥ ተራራ የለም። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,345 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። እኛ ቡና የምንጠጣው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ሙቀት ፈልገን አዳማ ስንወርድ እንኳ ከእንግሊዞቹ ትልቁ ተራራ ጫፍ በላይ ነን።

በከፍታ ሁለተኛው ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ኬርንጎርም በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ ያለው ቤን ማክዱዊ ነው፤ 1,309 ሜትር። ኅዳር 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1971) ከዚህ ተራራ አጠገብ ባለ ገላጣ አምባ ላይ አምስት የኤድንብራ ተማሪዎችና አንዲት የ18 ዓመት ረዳት አስተማሪ በብርድ አለቁ። ተማሪዎቹ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ ነበር። በብሪታንያ የተራራ ጉዞ ታሪክ እስከ ዛሬ እጅግ የከፋው አደጋ ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

ይህን የሃምሳ ዓመት የባዕድ አገር ታሪክ ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ስልካችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። "የሃይኪንግ ጉዞ ወደ ወንጪ"፣ "ሁለት ቀን በጓሳ"፣ "ሰሜን ተራሮች ከወጣቶች ጋር" የሚሉ ማስታወቂያዎች በየሳምንቱ ይለጠፋሉ። ዋጋው፣ የመነሻ ሰዓቱ፣ ቁርስና ምሳው፣ ፎቶ አንሺው ሳይቀር ተጽፏል። ማን እንደሚመራው ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። የስኮትላንዱ ታሪክ ሥሩ ሲቆፈር የሚያመጣን እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ልጆችን ወደ ተራራ የመውሰድ ሐሳብ ከየት መጣ?

እረኛ ተራራ ላይ የሚውለው ሥራው ስለሆነ ነው። ምእመን ዝቋላ ወይም ግሸን የሚወጣው ለበረከት ነው። ወጣትን "ሰው እንዲወጣው" ብሎ ሆን ብሎ ወደ ዱርና ተራራ መላክ ግን አዲስ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ጡረታ ሊወጣ የተቃረበው የእንግሊዝ ጦር መኮንን ባደን ፖወል ሃያ ያህል ልጆችን ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ አሰፈረ። ከሀብታም ትምህርት ቤትም ከድሃ ሰፈርም የመጡ ነበሩ። የስካውት እንቅስቃሴ መነሻው ያ ሰፈር ነው።

ሐሳቡን ወደ ተራራና ወደ ባሕር የወሰደው ሌላ ሰው ነው። ኩርት ሃን ይባላል፤ ጀርመናዊ አይሁድ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ሂትለርን በመቃወሙ ታሰረ፤ ከተፈታ በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደደና በ1934 በሰሜን ስኮትላንድ ጎርደንስተን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የእንግሊዝ የንግድ መርከቦች በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እየተመቱ ይሰምጡ ጀመር። በጊዜው እንደሚነገረው፣ በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ቶሎ ተስፋ የሚቆርጡት ጎረምሶቹ ነበሩ፤ ዕድሜ የጠገቡት መርከበኞች ግን ይተርፉ ነበር። ሃን ይህንን የጉልበት ጉድለት አድርጎ አላየውም፤ የመከራ ልምድ ማነስ ነው ብሎ ደመደመ። በ1941 ከመርከብ ባለሀብቱ ሎረንስ ሆልት ጋር ሆኖ ዌልስ ውስጥ አውትዋርድ ባውንድ የተባለውን ማሠልጠኛ መሠረተ።

ከጦርነቱ በኋላ ሐሳቡ ተስፋፋ። የየከተማው የትምህርት አስተዳደር በተራራ ግርጌ የራሱን ማዕከል ይከፍት ጀመር። ኤድንብራም በኬርንጎርም አቅራቢያ አንድ ነበራት። ዓላማው ቅን ነበር፦ ጥንት የባለጸጋ ልጅ ብቻ ያየውን ተራራ የሠራተኛ ልጅም ይየው ነው። በ1971 የሞቱት ልጆችም ከሠራተኛ ሰፈር ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። ታሪኩ ክፉ ሰው የለበትም፤ እንዲያውም የሚከብደው በዚህ ነው።

ሁለት ሌሊት

ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ተማሪዎቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው ወጡ። የተሻለ ልምድ ያላቸው ልጆች ልምድ ካለው መሪ ጋር ቀደሙ። ሁለተኛውን ቡድን፣ ስድስቱን ልጆች፣ የምትመራው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ወጣት ነበረች። ረዳቷ ያች የ18 ዓመት ልጅ ናት። ለስኪ ተጫዋቾች በተዘረጋው የገመድ ወንበር ተሳፍረው ወደ ላይ ወጡ፤ ከዚያ በእግራቸው አምባውን ሊያቋርጡ ነው።

እዚህ ላይ የአገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኬርንጎርም ዝቅ ያለ ቢሆንም የሚገኘው ወደ ሰሜን ዋልታ በተጠጋ ኬክሮስ ላይ ነው። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው። አምባው ገላጣ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ዋሻ የለው። ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ኬርንጎርም ጫፍ ላይ በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ ነፋስ ተመዝግቧል።

የአየሩ ሁኔታ ተበላሸ። የበረዶ አውሎ ነፋሱ ዓይን አላስገልጥ አለ። የመጀመሪያው ቡድን አምባው ላይ ወደ ነበረች ከራን የምትባል ትንሽ መጠለያ ደርሶ ገባ። ሁለተኛው ቡድን አልደረሰም። ልጆቹ በጥልቅ በረዶ ውስጥ እየሰመጡ ደከሙ፤ መሸ፤ መሪያቸው እዚያው ሜዳ ላይ እንዲያድሩ ወሰነች። በማግስቱ እሁድም አውሎ ነፋሱ አልበረደም። ለመንቀሳቀስ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሁለተኛ ሌሊት አደሩ። በረዶው በላያቸው ላይ እየተከመረ ሄደ።

ሰኞ ኅዳር 12 አንድ የፍለጋ ሄሊኮፕተር በበረዶው ላይ በእጅና በጉልበቷ የምትድህ ሰው አየ። መሪዋ ነበረች። እርዳታ ለመጥራት ብቻዋን ወጥታ ነው። ሰውነቷ ደርቆ ለመናገር እንኳ ተስኗት ነበር። ፈላጊዎቹ ልጆቹ ያሉበት ሲደርሱ በሕይወት ያገኙት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ኅዳር ሲታጠን በዋለበት በዚያ ቀን የኤድንብራ እናቶች የአምስት ልጆቻቸውን መርዶ ሰሙ።

ብርድ እንዴት እንደሚገድል ብዙዎቻችን አናውቅም። የግድ ውርጩ አጥንት እስኪሰብር መጠበቅ የለበትም። ልብስ ሲርስና ነፋስ ሲጨመርበት ሰውነት የሚያመነጨው ሙቀት ከሚያጣው ያንሳል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖሰርሚያ ይሉታል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ቀጥሎ ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይወላገዳል፣ ሐሳብ ይምታታል። ከሁሉ የከፋው መጨረሻ ላይ መንቀጥቀጡ ሲያቆም ነው። በዚያ ሰዓት ሰውየው "ደህና ነኝ፣ ተዉኝ ልተኛ" ይላል። ስለዚህ ብርድ የገባው ሰው በራሱ ላይ ዳኛ መሆን አይችልም። አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

መጠለያው አዳኝ ነው ወይስ ወጥመድ?

በየካቲት ወር 1972 እ.ኤ.አ. ባንፍ በተባለች ከተማ በዳኛ ፊት ምርመራ ተካሄደ። የኬርንጎርምን ተፈጥሮ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቀው የሥነ ምሕዳር ሊቅ አዳም ዋትሰን ባለሙያ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ከምርመራው የወጡት ምክሮች ዛሬ ስናያቸው ቀላል ይመስላሉ፦ ልጆችን ወደ ተራራ የሚመራ ሰው ሠልጥኖ ማረጋገጫ ይኑረው፤ የበጋ ጉዞና የክረምት ጉዞ ይለይ፤ የሚኬድበት ቦታ ለልጆቹ አቅም የሚስማማ ይሁን፤ ማዕከሉ፣ ትምህርት ቤቱና ወላጅ ይነጋገሩ። የመሪዎች የምስክር ወረቀት ከ1964 ጀምሮ በብሪታንያ ነበር፤ ግን ሁሉም ቦታ አስገዳጅ አልነበረም። ነገሩ የጠበቀው ልጆቹ ከሞቱ በኋላ ነው።

ከባዱ ክርክር የተነሣው ስለ ከራን መጠለያ ነው። በ1960ዎቹ በአምባው ላይ የተሠሩት መጠለያዎች በማዕበል የተያዘ ሰው እንዲጠጋባቸው የታሰቡ ነበሩ። ፖሊስና የብሬማር የተራራ ነፍስ አድን ቡድን መሪ የነበረው ጆን ደፍ ግን "ይፍረሱ" ካሉት ዋነኛው ነው። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ በአውሎ ነፋስ ውስጥ በረዶ የለበሰችን ትንሽ ጎጆ ማግኘት ለባለሙያም ከባድ ነው። ጎጆዋ ባትኖር ኖሮ መሪ ሰማዩ ሲጠቁር ልጆቹን ይዞ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ጎጆዋ ስላለች ግን "ትንሽ ነው የቀረን፣ እንደርሳለን" ብሎ ወደ ላይ ይገፋል። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ የመጀመሪያውን ቡድን ያዳነችው ያችው ጎጆ አይደለችም ወይ አሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ክርክሩ ዓመታት ወስዶ፣ ብዙ ሰው አቀያይሞ፣ በ1975 ከራን ፈረሰች።

ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርቱ ይኼ ነው። ሰውን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው አለመዘጋጀቱ ብቻ አይደለም፤ ወደፊት የሚጠብቀው ነገር ነው። "እዚያ ስንደርስ መጠለያ አለ"፣ "እዚያ ኔትወርክ አለ"፣ "መኪናው እዚያ ይጠብቀናል" የሚል ተስፋ የመመለሻውን ሰዓት ያሳልፋል።

አልከለከሉም

ከአደጋው በኋላ "ልጆችን ተራራ መውሰድ ይቅር" ማለት ቀላል ነበር። ያን አላደረጉም። ተራራውን ትተው መሪውን መመርመር ያዙ። ሥራው ግን በአንድ ጊዜ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1993 ላይም ቤይ በተባለ የባሕር ወሽመጥ አራት ተማሪዎች በካያክ ጀልባ ሲሠለጥኑ ሞቱ። በዚያን ጊዜ የማዕከሉ ድርጅት ኃላፊ ተከስሶ ታሰረ፤ በ1995 ፓርላማው ለወጣቶች እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ከ1971 እስከ 1995 ሃያ አራት ዓመት ነው። ሕግ ከሞት በኋላ፣ ያውም ተንፏቆ እንደሚመጣ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ወደ እኛው ስንመለስ

እኛ ስለ ከፍታ ለመማር እንግሊዝ አገር መሄድ አያስፈልገንም። አባቶቻችን ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለውታል። "ውርጭ" የሚለው ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ጋቢና በርኖስም ጌጥ ብቻ ሆነው አልተፈጠሩም። በሰሜን ተራሮች ሳንቃበር ሰፈር 3,250 ሜትር ገደማ ነው፤ ግጭና ጨነቅ ከ3,600 ሜትር አካባቢ፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 በላይ። እዚያ ሌሊት ውኃ ይረጋል። በዚያ ላይ ስኮትላንዶች የሌለባቸው ችግር አለብን፦ ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊጀምር ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትንፋሽ ማጠር ሲመጣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ። "ወጣት ነው፣ ይችለዋል" አይሠራም።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ መንገደኛ ያለ ስካውት እንዲገባ አይፈቅድም። ይህ መልካም ልማድ ነው። የአካባቢው ሰው ደመናውን ያነባል፤ ከየትኛው ገደል መራቅ እንዳለበት ያውቃል። ነገር ግን ቅዳሜና እሁድ ወጣቶች የሚሄዱባቸው ብዙ ተራሮች እንዲህ ያለ በር የላቸውም። በዚያ ያለው በር እኛው ነን።

ስለዚህ ልጃችሁን፣ ታናሽ እህታችሁን ወይም ራሳችሁን ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጁን አምስት ነገር ጠይቁት። የሚመራው ማነው፣ ያን መንገድ በዚህ ወቅት ሄዶበታል ወይ? ለስንት ሰው ስንት መሪ አለ? በስንት ሰዓት፣ የትም ብንደርስ፣ ወደኋላ እንመለሳለን? የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ማነው? በሰዓቱ ካልተመለስን ከተማ ሆኖ ለማን እንደሚደውል የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? መልስ ያለው አዘጋጅ አይቆጣም፤ እንዲያውም ይደሰታል። የሚቆጣው መልስ የሌለው ነው።

አዘጋጆችም አትቀየሙ። ብዙዎቻችሁ ከኪሳችሁ እያወጣችሁ፣ ጫትና ስክሪን ላይ የሚውለውን ወጣት አገሩን እንዲያይ አድርጋችኋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ለዚህም ነው በአንድ ክፉ ቅዳሜ እንዲጠፋ የማልፈልገው። አንድ አደጋ ቢደርስ ቀድሞ የሚመጣው ክልከላ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ የተከለከለ ነገር ቶሎ አይፈታም። ዛሬ ተሰብስባችሁ የጋራ ደንብ ብታወጡ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ብትወስዱ፣ ዝናብ ሲመጣ ጉዞ ሰርዞ ገንዘብ መመለስን እንደ ኪሳራ ሳይሆን እንደ ሙያ ብትቆጥሩት፣ ሌላው አገር በልጆቹ ሞት የተማረውን እኛ በንባብ ተማርነው ማለት ነው።

የኬርንጎርም ልጆች ቢኖሩ ዛሬ የልጅ ልጅ የሚያቅፉበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። ተራራው አሁንም እዚያው ነው፤ 1,309 ሜትር፤ አልጨመረም አልቀነሰም። የተለወጠው ወደ እሱ የሚወጣው ሰው ነው።