የድንበር ድንጋይ በዲስክ ላይ

ስለ ግጥም ስጽፍ የለመዳችሁኝ ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ዲስክ ሳወራ ብትገረሙ አልፈርድባችሁም። ነገሩ ግን ከግጥም የራቀ አይደለም፤ ጥቂት ታገሡኝ።

የዚህ ዕቃ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አይቢኤም ራማክ ለተሰኘው ኮምፒውተሩ የሠራው የመጀመሪያው ዲስክ፣ ሁለት ሁለት ጫማ ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ተደራርበው የሚሽከረከሩበት፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ግዙፍ ነገር ነበር። የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ! ዛሬ በኪሳችን በያዝነው ስልክ የምናነሳት አንዲት የሠርግ ፎቶግራፍ ልትሞላው ትችላለች።

ዲስክ እየሰፋ ሲሄድ ድንበር አስፈለገው። በ1983 የዶስ ሁለተኛ እትም ሃርድ ዲስክን ወደ ግል ኮምፒውተር ሲያስገባ፣ በዲስኩ መግቢያ ላይ አራት መስመር ያላት ትንሽ ሰንጠረዥ አኖረ፤ ከዚህ እስከዚህ የአንዱ፣ ከዚያ እስከዚያ የሌላው የምትል። አራት ወንድማማቾች የወረሱት መሬት በሉት። አንዱ ቢጠበው፣ የወንድሙ ማሳ ጦም እያደረ እንኳ ስንዝር መውሰድ አይችልም። ድንበር ለመግፋት የተለመደው መንገድ ሁሉን አውጥቶ፣ አፍርሶ፣ እንደገና መካፈል ነበር።

በትልልቆቹ የዩኒክስ ማሽኖች ዘንድ መፍትሔው ቀድሞ ተገኝቷል። ወደ ሊኑክስ ያመጣው ሃይንዝ ማውልስሃገን ነው፤ በ1998። አብነቱን የወሰደው ከሂውሌት ፓካርድ ዩኒክስ ሲሆን፣ ሥራው ኤልቪኤም ተባለ።

አሠራሩን ለመረዳት የባንክ ሠራተኛ መሆን ይጠቅማል። ደንበኛ አንድ መቶ ብር ቢያስቀምጥ፣ በካዝናው ውስጥ የእርሱ ኖት የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም፤ መዝገቡ መቶ ብር አለህ ካለው ይበቃዋል። ኤልቪኤምም ዲስኮችን ሁሉ እኩል እኩል፣ ብዙውን ጊዜ አራት ሜጋባይት እያደረገ ይቆራርጣቸውና በአንድ ካዝና ያጠራቅማቸዋል። ቮልዩም የሚባለው ከዚያ ካዝና የሚመደብ ሒሳብ ነው። ቁራጮቹ ጎን ለጎን መሆን የለባቸውም፤ በሁለት ዲስኮች ላይ ቢበተኑም መዝገቡ ያገናኛቸዋል። ሲጠብ ይጨመርለታል፤ ሲሰፋ ይቀነስለታል።

መቀነሱ ላይ ግን ወግ አለው። በቮልዩሙ ውስጥ ፋይሎቹን የሚያስተዳድረው የፋይል ሥርዓት ተቀምጧል። ለማስፋት ከሆነ አስቀድሞ ቮልዩሙ፣ ከዚያ የፋይል ሥርዓቱ ይሰፋል። ለማሳነስ ከሆነ ግን የፋይል ሥርዓቱ ቀድሞ መሰብሰብ አለበት። (ኤክስኤፍኤስ የተባለውማ ማደግን እንጂ ማነስን ሳያውቅ ረጅም ዘመን ኖሯል፤ ኩሩ ፍጥረት ነው።)

ይህን ሁሉ አንብቤ አውቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አንድ ምሽት፣ ለፎቶግራፎቼ ቦታ ልፈልግ ብዬ ግጥሞቼ ያሉበትን ቮልዩም አሳነስሁት፤ የፋይል ሥርዓቱን ሳልነካ። ማሽኑ መረጃ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። የተቆረጠውን ለፎቶግራፎቹ ጨምሬ፣ የእህቴን ሠርግ በላዩ ገለበጥሁበት።

በነጋታው የግጥሞቹ ማኅደር አልከፈት አለ። ኤልቪኤም ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት የነበረውን መዝገብ በጽሑፍ እንደሚያስቀምጥ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ምሽት ባቆም ኖሮ የድሮውን ድንበር መልሼ ሁሉንም ባገኘሁ። አሁን ግን መዝገቡ ሲመለስ፣ የተመለሰው መሬት ላይ ሠርገኞቹ ሰፍረውበታል።

ከ40 ግጥሞች 31ዱ ተረፉ። ከቀሩት ዘጠኝ አንዷን ለእናቴ ጽፌ፣ ከማረፏ በፊት አንብቤላታለሁ፤ ከእርሷ ሌላ የሰማት የለም። በቃሌ እይዛታለሁ ብዬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ስንኞች መጡ፤ ሰባተኛው እስከ ዛሬ አልመጣም።