አምስት ሳንቲ ሜትር መፈናፈኛ

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ መኪናውን «ዝቅ አስደረጋት»። ያው ኮሮላ ናት። አንድ ጋራዥ ወስዶ የአራቱንም ጎማ ሞላ አስቆረጠና አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት አስጠጋት። ቆማ ስትታይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ታምራለች። ልትዘል ያደባች ድመት ነው የምትመስለው። ችግሩ የሚጀምረው ስትሄድ ነው። የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ከሥር «ጓ!» አለ፤ ሁለተኛው ላይ ምላሴን ነከስኩ፤ ሦስተኛው ላይ «ወራጅ አለ!» አልኩ። (የታክሲ ልማድ ነው፤ ሳላስበው አመለጠኝ።)

ጓደኛዬ ቅር አላለውም። «አሜሪካ እኮ እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለኝ። እውነት ነው፣ ያደርጉታል። ግን እዚያ ነገሩ ለምን እንደተጀመረ፣ በተለይ ደግሞ በምን ፍጥነት እንደሚነዳ፣ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ይህን ታሪክ ለእሱ ነው የምጽፈው፤ እናንተም አብራችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መቁረጡ ከመምጣቱ በፊት የሚቆረጠው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። በ1930 ሞሪስ ኦሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሮልስ ሮይስን ለቅቆ አሜሪካ ካዲላክ ገባ። የዚያን ዘመን መኪና ጠንካራ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ሳጥን በሉት፤ በተለይ ፊቱ ድርቅ ያለ ነበር። ኦሊ ምን አደረገ? አንድ መኪና ከፊትና ከኋላ ክብደት የሚሰቀልባት አድርጎ ሠራ። ክብደቱን እያዘዋወረ፣ ሞላውን እየቀያየረ ሰዎችን ያሳፍርና «አሁንስ? አሁንስ?» ይላቸዋል። መልሳቸው የፊቱ ሞላ ከኋላው የለሰለሰ መሆን እንዳለበት አሳየው። የፊት ጎማዎች በአንድ ጠንካራ አክስል ታስረው እያለ ደግሞ ሞላውን ማለስለስ መሪውን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ጎማዎቹ ተለያዩ፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚወጣና የሚወርድ ሆነ። የጄኔራል ሞተርስ የ1934 መኪኖች በዚህ ፊት ገበያ ወጡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ታገሱኝ። መኪና በሞላው ላይ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ከተወዛወዘ ተሳፋሪው ይመቸዋል። በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከሆነ ይነቀንቀዋል። ለአንድ ጊዜ የሚሆን ለስላሳ ሞላ ደግሞ የመኪናው ክብደት ብቻ ሲያርፍበት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል መጨመቅ አለበት። ለሁለት ጊዜ የሚሆነው ግን 6 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። በሌላ አነጋገር ምቾት ቦታ ይፈልጋል። ከዚህ ሌላ ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ የሚገባበት፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚዘረጋበት ክፍተት ያስፈልገዋል። ይህንን ክፍተት እኔ መፈናፈኛ ብዬዋለሁ። መፈናፈኛው ሲያልቅ መጨረሻው ላይ ላስቲክ አለ፤ «ጓ!» ያለው እሱ ነው። እዚያ ከደረሳችሁ ሞላው እንደሌለ ቁጠሩት፤ ጉብታው በቀጥታ ከወገባችሁ ጋር ይነጋገራል።

አሁን ወደ ሎስ አንጀለስ። በ1940ዎቹ በከተማዋ ምሥራቃዊ ሰፈሮች የሚኖሩት የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች እዚያው ተወልደው አድገውም እንደ እንግዳ ነበር የሚታዩት። በሰኔ 1943 ባሕረኞችና ወታደሮች መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ሰፋ ያለ ሱሪና ረጅም ኮት የለበሱ ወጣቶችን ሲደበድቡና ልብሳቸውን ሲገፍፉ ሰንብተዋል። ጥፋታቸው ዘንጠው መታየታቸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጦርነቱ በኋላ ያገለገለ ሸቭሮሌት በአነስተኛ ገንዘብ ይገኝ ነበር፤ መዘነጡም ከልብስ ወደ መኪና ተሸጋገረ። በዚያው ዘመን ሌላው የካሊፎርኒያ ጎረምሳ መኪናውን እያቀለለ፣ ሞተሩን እያጎለበተ ለፍጥነት ይሽቀዳደም ነበር። እነዚህኞቹ ተቃራኒውን መረጡ፦ ዝቅ ማለትና ቀስ ማለት። በስፓኒሽ «ባሂቶ ኢ ሱዋቬሲቶ» ይሉታል። ዝቅ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ።

የመጀመሪያው ዘዴ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። የአሸዋ ወይም የሲሚንቶ ከረጢት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ መጣል ነው። የሚገርመው፣ ክብደት የተጨመረበት መኪና ውዝዋዜው እንደውም ይለሰልሳል፤ ግን መፈናፈኛውን ከረጢቱ በልቶታልና ትንሽ ጉብታ ስታገኝ ወለሉን ትመታለች። ቀጥሎ ሞላ መቁረጥ መጣ። ስምንት ዙር ካለው ሞላ ሁለቱን ብትቆርጡ ስድስት ይቀራል፤ ጥንካሬው ግን በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። የሽቦው ርዝመት ነዋ የሚጠመዘዘው! አጭር ሽቦ ደግሞ ግትር ነው። ስለዚህ ቆራጩ ሁለቴ ይከስራል፦ ቦታውም ይጠባል፣ ሞላውም ይደርቃል። ሦስተኛው ዘዴ ሞላውን በእሳት አግሎ እንዲሰምጥ መተው ነበር። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የጋለ ብረት ያገኘውን ቁመት አይጠብቅም፣ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ይወርዳል። ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተርም ከለመደው ቦታ ወርዶ ጫፍ ላይ ሲሠራ ዕድሜው ያጥራል።

(በነገራችን ላይ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ አሞርዛተር… ሁሉም ከጣሊያንኛ የወሰድናቸው ናቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በስፓኒሽ የሚቆረጠውን እኛ ጋራዥ በጣሊያንኛ እንቆርጠዋለን።)

ታዲያ እነዚያ ወጣቶች ወገባቸውን እንዴት ቻሉት? መልሱ ጓደኛዬ ያልሰማው ግማሽ ነው። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ ወደ ላይ የሚተኮስበት ፍጥነት ከመኪናው ፍጥነት ጋር እኩል ያድጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በ15 ቢሄድ ምቱ በአራት ይከፈላል፤ ጎማው ይዞት የሚመጣው ጉልበት ደግሞ በአሥራ ስድስት። ሦስት ሳንቲ ሜትር የቀረው ሞላ በ60 ምንም አይፈይድም፤ በ15 ግን ይበቃዋል። ቀስታው ለታይታ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የተቆረጠ ሞላ የሚኖረው በቀስታ ብቻ ነው። እሑድ ማታ ዊቲየር ጎዳና ላይ መስኮት ከፍቶ፣ ክርንን አውጥቶ፣ ሙዚቃ ከፍቶ መንሸራሸር ለመኪናውም ለነጂውም የተመጠነ ነበር። ያ ሁሉ ሰው እንዲያይህ ከፈለግህ ደግሞ ለምን ትቸኩላለህ?

መንግሥት ግን አልወደደውም። በ1958 ካሊፎርኒያ አንድ ሕግ አወጣች፤ በኋላ በተሽከርካሪ ሕጉ ውስጥ አንቀጽ 24008 ተብሎ የሚታወቀው ነው። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተለወጠ መኪና ከጎማው ሌላ ማንኛውም ክፍሉ ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች መውረድ የለበትም ይላል። በወረቀት ስታዩት ምክንያታዊ ነው፦ ጎማ ቢፈነዳ መኪናው በሆዱ አስፋልት ላይ እንዳይተኛ። መንገድ ላይ ግን ፖሊስ የዝቅተኛ መኪና ነጂን በፈለገ ጊዜ ለማስቆም በቂ ሰበብ አገኘ። የሳንቲ ሜትር ጉዳይ የሰው ጉዳይ ሆነ።

መልሱ በዓመቱ መጣ። ሮን አጊሬ የሚባል የካሊፎርኒያ ወጣት በ1959 ኮርቬት መኪናው ላይ የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ፓምፕና ቫልቭ ገጠመ። በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩ የአውሮፕላን ዕቃዎች በትርፍነት ይሸጡ ነበር። አንድ ማብሪያ ሲነካ መኪናዋ ትነሳለች፤ ሲነካ ትወርዳለች። ፖሊስ ሲመጣ ሕጋዊ ከፍታ፣ ፖሊስ ሲሄድ የልብ ከፍታ። የእኛ ሰው ቢሆን «ሕጉን አከበርኩ፣ ግን እንደ ሰዓቱ» የሚል ይመስለኛል።

እንግዲህ ሃይድሮሊክ ሲባል ለምቾት የሚመስለው አለ። አይደለም። ዘይት አይጨመቅም፤ ያልተጨመቀ ነገር ደግሞ አያነጥርም። ፓምፑ የሚገፋው ሲሊንደር ከሞላው ጋር ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው፤ ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ሞላው አሁንም ያጥራል፤ ያጠረ ሞላ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። በዚያ ላይ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሱ ባትሪዎች ከኋላ ይደረደራሉ፤ የአሸዋው ከረጢት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ሃይድሮሊኩ የሰጠው ምቾት ሳይሆን ምርጫ ነው። መንገዱ ሲበላሽ መፈናፈኛህን ትመልሳለህ፤ ሰው ወዳለበት ስትደርስ ትሰጣለህ።

ይህን በደንብ ለመረዳት ለአፍታ ፓሪስን እንያት። በጥቅምት 1955 ሲትሮየን ዲኤስ የተባለውን መኪና አቀረበ። እሱም በዘይት ግፊት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰምጣል። ልዩነቱ ዘይቱ ጫፍ ላይ ናይትሮጅን የታመቀበት የብረት ኳስ መኖሩ ነው። ጋዝ ይጨመቃልና ሞላው እሱ ሆነ፤ ያውም በጣም ለስላሳ ሞላ። ፈረንሳዮቹ መኪናውን የሚያወርዱትና የሚያነሱት ሁልጊዜ መፈናፈኛው ሙሉ እንዲሆን ነበር፤ አምስት ሰው ቢጫንም ያው ከፍታ። የሎስ አንጀለሶቹ ደግሞ መፈናፈኛውን ራሱን አሳልፈው ሰጡ። በኋላ ዘመን ከእነሱም መካከል የናይትሮጅን ኳስ ጨምረው ግልቢያውን ያለሰለሱ ብዙ ናቸው።

ከሁሉም መኪኖች የተመረጠው ሸቭሮሌት ኢምፓላ ነው። ከ1958 እስከ 1964 የተሠሩት ሻንሲያቸው የኤክስ ቅርጽ አለው፤ አራቱም ጎማ ላይ ጥቅል ሞላ አላቸው። ለሲሊንደር የተመቸ አካል ነው። የሄሱስ ቫላዴዝ፣ በሰፈሩ አጠራር የጄሲ፣ የ1964 ኢምፓላ «ጂፕሲ ሮዝ» ትባላለች፤ ሮዝ ቀለሟ ላይ ጽጌረዳ ከእግር እስከ ራስ ተስሎባታል። በ1974 በጀመረው «ቺኮ ኤንድ ዘ ማን» የቴሌቪዥን ድራማ መክፈቻ ላይ ስትንሸራሸር አሜሪካ ሁሉ አያት። በ1977 ሳን ሆዜ ውስጥ «ሎው ራይደር» መጽሔት ተመሠረተ።

ዝናው መጣ፤ እገዳው ግን አልቀረም። በ1980ዎቹ የካሊፎርኒያ ከተሞች አንድ ጎዳና ላይ እየተመላለሱ መንሸራሸርን ራሱን መከልከል ጀመሩ። ሳን ሆዜ፣ መጽሔቱ የተወለደባት ከተማ፣ በ1986 ከለከለች። ናሽናል ሲቲ በ1992 ተከተለች። አስቡት፦ ፈጥኖ መንዳት ያስቀጣል፤ ቀስ ብሎ ደጋግሞ ማለፍም ያስቀጣል። ሞላውን የቆረጠ ሰው ግን ከቀስታ ሌላ ምን ምርጫ አለው? እኔ በበኩሌ ጎዳናው ላይ የሚጨናነቀው መኪናና የሚነሳው ጠብ ምንም አልነበረም አልልም፤ ለጠብ ግን የጠብ ሕግ ነበረ።

በ2017 ጂፕሲ ሮዝ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ገባችና በዋሽንግተኑ ናሽናል ሞል በመስታወት ሳጥን ውስጥ ለሕዝብ ቆመች። ዋና ከተማዋ መስታወት ውስጥ ያከበረቻትን መኪና በትውልድ ክፍለ ሀገሯ ፖሊስ አሁንም በሜትር ሊለካት ይችል ነበር። ሳን ሆዜ እገዳዋን በ2022 ሰረዘች፤ ናሽናል ሲቲ በ2023። በጥቅምት 2023 ገዢው ጋቪን ኒውሰም የፈረሙት ሕግ ደግሞ የከተሞቹን የመከልከል ሥልጣንም አንቀጽ 24008ንም አንድ ላይ አነሳ። ሥራ ላይ የዋለው ጥር 1 ቀን 2024 ነው። ከ1958 ጀምሮ ቁጠሩት፤ ለጥቂት ሳንቲ ሜትር ስልሳ አምስት ዓመት ተሟገቱ።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እና በ15 ልንዳ ነው የምትለኝ?» አለ። አዎ አልኩት። «ቀለበት መንገድ ላይ?» አለኝ። እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜ መርካቶ ወርዶ ያልተቆረጠ አሮጌ የኮሮላ ሞላ ሲያፈላልግ እንደዋለ ሰምቻለሁ። የተቆረጠው አይቀጠልም፤ አምስቱን ሳንቲ ሜትር መልሶ ሊገዛ ነው። የኋላዎቹን አግኝቷል፤ የፊቶቹ ተወድደውበታል። እስከዚያው አፍንጫዋ መሬት እየሸተተ፣ ቂጧ ተሰቅሎ ትሄዳለች።