የከተሞች የምግብ ድጋፍ ተደራሽነት፡- ከትላልቅ ከተሞች ተሞክሮ እስከ ሰንበቴ

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሰንበቴ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በየሳምንቱ እሑድ በሚቆመው ገበያዋ ከቆላው የሚመጡ አርብቶ አደሮች ግመል፣ ፍየልና ቅቤ፣ ከደጋው የሚወርዱ አርሶ አደሮች ደግሞ እህልና ጥራጥሬ ይዘው ይገናኛሉ። በዚህ ዓይነቱ ገበያ ማሽላና ጤፍ በኩንታል ተደርድሮ እየታየ፣ የጥቂት ጣሳ እህል መግዣ አጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። የከተማ ረሀብ ከገጠሩ የሚለይበት ዋና ነጥብም ይኸው ነው። የከተማ ነዋሪ የሚራበው በአብዛኛው እህል ከገበያ ሲጠፋ ሳይሆን የመግዛት አቅሙ ሲጠፋ ነው።

በመሆኑም በከተሞች ረሀብን ለመከላከል የሚደረገው ጥረት ውጤት የሚለካው ወደ አካባቢው በገባው እህል ብዛት ብቻ አይደለም። ድጋፉ ለሚገባው ሰው በወቅቱና ሳይጉላላ መድረሱ እኩል ክብደት አለው።

ታሪካዊ ዳራ

የወሎ ታሪክ ይህን እውነታ በግልጽ ያሳያል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ የተጎዱ ሰዎች ዕርዳታ ፍለጋ የተሰባሰቡት በዋናው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር ነበር። ረሀቡን ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ምሁር ፕሮፌሰር አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ሥራቸው እንዳመለከቱት፣ በወቅቱ የአገሪቱ አጠቃላይ የምግብ ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ከመጠን በላይ አልናረም። እንዲያውም ሕዝቡ እየተራበ ከወሎ ወደ ሌሎች ከተሞች የሚጫን እህል ነበር። ምርታቸውን ያጡት አርሶ አደሮች የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ከብቶቻቸው ያለቁባቸውና የቀሩትንም በርካሽ ለመሸጥ የተገደዱት አርብቶ አደሮች ከፍተኛ ጉዳት ከደረሰባቸው ወገኖች መካከል ነበሩ።

በ1977 ዓ.ም. በተከሰተው ድርቅና ረሀብ ወቅት ደግሞ በዚሁ ዞን የምትገኘው ባቲ በአገሪቱ ከነበሩት ታላላቅ የዕርዳታ መጠለያዎች አንዱን አስተናግዳለች። ሰዎች ከመንደራቸው ተነቅለው ወደ መጠለያ ከመጡ በኋላ የሚሰጥ ዕርዳታ ሕይወት ቢያተርፍም ኑሮን መልሶ ለማቋቋም እንደማይበቃ፣ በመጠለያዎች የሚፈጠረው መጨናነቅም ለወረርሽኝ በር እንደሚከፍት ከዚያ ዘመን የተገኘ ትምህርት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ የመከላከልና ሲደርስም ለተጎጂዎች ዕርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንደሚቀረጹ አስቀምጧል። ድንጋጌዎቹ የከተማና የገጠር ነዋሪን አይለዩም።

ከገጠር ወደ ከተማ

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በየዓመቱ በአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ይታገዙ የነበሩ የገጠር ቤተሰቦች አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ እንዲያገኙ ያስቻለ ነው። መሥራት የሚችሉት በማኅበረሰብ ልማት ሥራዎች ተሰማርተው ክፍያ ያገኛሉ፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች መሥራት የማይችሉ ወገኖች ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣቸዋል። ፕሮግራሙ ግን የተነደፈው ለገጠር ወረዳዎች ነበር።

የከተማው ችግር ጎልቶ የወጣው በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በዓለም አቀፍም ሆነ በአገር ውስጥ ገበያ በናረበት ወቅት ነው። መንግሥት ስንዴ ከውጭ በመግዛት ለከተማ ነዋሪዎች በቀበሌዎች አማካይነት በድጎማ ዋጋ እንዲከፋፈል አድርጓል። እርምጃው የዋጋውን ጫና ያቃልል እንጂ ድጎማ የተደረገበትንም ስንዴ መግዛት ለማይችለው ቤተሰብ ዘላቂ መፍትሔ አልነበረም።

በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲና የከተሞች የምግብ ዋስትና ስትራቴጂ ከጸደቁ በኋላ የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት ተቀረጸ። ለፕሮጀክቱ ከተመደበው 450 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከኢትዮጵያ መንግሥት የተገኘ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ እና ሰመራ ሎጊያ ታቅፈዋል። ተጠቃሚ እንዲሆኑ የታቀደው 604 ሺህ ነዋሪዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ነበሩ። ከአማራ ክልል የታቀፈችው ደሴ ብቻ ነበረች።

የአሠራሩ ይዘት

የፕሮጀክቱ ተጠቃሚዎች የሚመረጡት በየአካባቢው ኅብረተሰቡ በሚያቋቁመው የልየታ ኮሚቴ ነው። የተመረጡት ሰዎች ስም ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል፤ ቅሬታ ያለው ነዋሪም ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። መሥራት የሚችሉ ተጠቃሚዎች በከተማ ጽዳት፣ በደረቅ ቆሻሻ አያያዝ፣ በአረንጓዴ ልማት፣ በተፋሰስ ሥራና በከተማ ግብርና ይሰማራሉ። ክፍያቸው በባንክ ሒሳባቸው የሚገባ ሲሆን ከሚያገኙት ገንዘብ 20 በመቶውን እንዲቆጥቡ ይደረጋል።

ድጋፉ ለሦስት ዓመት የሚቆይና ከዓመት ወደ ዓመት የሥራ ቀናቱ እየቀነሱ የሚሄዱ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤተሰቡ ሥልጠናና በአማካይ 500 የአሜሪካ ዶላር ያህል የመቋቋሚያ ገንዘብ አግኝቶ ወደ ራሱ ሥራ እንዲሸጋገር ታስቧል። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ባንክ ለቀጣዩ ምዕራፍ 400 ሚሊዮን ዶላር በማጽደቁ ፕሮጀክቱ ወደ ተጨማሪ ከተሞች እንዲሰፋና ወጣቶች በድርጅቶች ውስጥ የሥራ ልምድ የሚያገኙበት መርሐ ግብር እንዲካተትበት ተደርጓል።

የትናንሽ ከተሞች ክፍተት

እንደ ሰንበቴ ያሉ ትናንሽ ከተሞች በሁለት ሥርዓቶች መካከል የሚገኙ ናቸው። የገጠሩ ፕሮግራም በገጠር ቀበሌ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የከተማው ደግሞ የተጀመረው በትላልቅ ከተሞች ነው። መሬቱን ትቶ ወይም ከብቱ አልቆበት ወደ ከተማ የገባ ሰው ከገጠሩ መዝገብ ሲወጣ በከተማው መዝገብ ወዲያውኑ ላይተካ ይችላል።

በእንዲህ ዓይነት ከተሞች ለረሀብ ቅርብ የሆኑት በአብዛኛው ኑሯቸው ከገበያው ጋር የተቆራኘ ሰዎች ናቸው። ጭነት የሚያወርዱና የሚጭኑ የቀን ሠራተኞች፣ ማገዶና ከሰል የሚሸጡ ሴቶች፣ በጎዳና ዳር ሻይና ቆሎ የሚቸረችሩ እናቶች እንዲሁም ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ከእነዚህ ይገኙበታል። ድርቅ ሲከሰት አርብቶ አደሩ እንስሳቱን በብዛት ለሽያጭ ስለሚያቀርብ የእንስሳት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ደግሞ ይጨምራል። ሻጩ የሚያገኘው ገንዘብ ሲያንስ የከተማው የጉልበት ሥራና የችርቻሮ ንግድ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የፍየልና የማሽላ ዋጋን በየሳምንቱ አነጻጽሮ መመዝገብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ የቅድመ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነው። አንድ ፍየል የሚገዛው የማሽላ መጠን በተከታታይ ሳምንታት እየቀነሰ ከሄደ፣ ችግሩ ወደ ቤተሰብ ማዕድ ከመድረሱ በፊት ምልክቱ ታይቷል ማለት ነው።

በዞኑና በአጎራባች የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች በ2013 ዓ.ም. የተከሰተው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም እስከ አካባቢው የደረሰው ጦርነት ነዋሪዎችን አፈናቅሏል፤ ንግድንም አስተጓጉሏል። በዘመድ ቤት የተጠጋ ተፈናቃይ በመጠለያ እንዳለው ሰው በቀላሉ አይታይም። ያስጠጋውም ቤተሰብ ያለውን ስለሚያካፍል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊቸገሩ ይችላሉ።

ተደራሽነትን የሚወስኑ ጉዳዮች

የድጋፍ ተደራሽነት በአብዛኛው የሚወሰነው በቀበሌና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ጉዳይ ምዝገባ ነው። መታወቂያ የሌለው፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወይም በቅርቡ የመጣ ሰው በቀላሉ ከመዝገብ ውጭ ይሆናል። የሞተ፣ የለቀቀ ወይም ኑሮው የተሻሻለ ሰው ስም ካልተሰረዘ ደግሞ የሌላውን ድርሻ ይይዛል። መዝገብ በየጊዜው የሚታደሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ክፍያን በወቅቱ መፈጸም ነው። በእጁ ጥሪት የሌለው ቤተሰብ ክፍያው በአንድ ወር ቢዘገይ በዱቤ ይበላል፣ የቤት ዕቃ ይሸጣል ወይም ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ዘግይቶ የመጣው ገንዘብ ዕዳ ይከፍል ይሆናል እንጂ ያለፈውን ረሀብ አይመልስም።

ሦስተኛው መረጃ ነው። በዞኑ ማስታወቂያዎችና የአቤቱታ ውሳኔዎች በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መቅረባቸው፣ ማንበብ ለማይችሉትም በገበያ ቀን በቃል መነገራቸው መብትን ለማወቅ ያስችላል። አቤቱታ ሰሚው አካል ከመራጩ የተለየ ሲሆንና ውሳኔውን በተወሰነ ቀን ሲያሳውቅ የነዋሪው አመኔታ ይጨምራል።

አራተኛው ተጠያቂነት ነው። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት፣ የዕርዳታ እህል ከታለመለት ዓላማ ውጭ ውሏል በማለት በኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታ ስርጭትን ማቋረጣቸው ይታወሳል። ስርጭቱ በ2016 ዓ.ም. የቀጠለው የምዝገባና የቁጥጥር አሠራሩ እንዲሻሻል ተደርጎ ነው። በመሃሉ በነበሩት ወራት የጉዳቱ ገፈት ቀማሽ የሆኑት በጥፋቱ እጃቸው የሌለበት ተረጂዎች ናቸው።

የአካባቢ አቅም

ዋና ዋና ፕሮጀክቶች ባልደረሱባቸው ከተሞች የሚሠራበት አቅም አለ። በወሎ ቅሬ በመባል የሚታወቀው የመረዳጃ ማኅበር በየሰፈሩ ማን እንደታመመና ማን እንደተቸገረ ያውቃል። የእስልምና እምነት ተከታዮች የሚያወጡት ዘካም ለችግረኞች የሚውል ነው። እነዚህ ተቋማት የመንግሥትን ኃላፊነት ባይተኩም ከመዝገብ የተዘለሉ ሰዎችን ለመለየት ይረዳሉ። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም መሠረታዊ ሸቀጦችን በተመጣጣኝ ዋጋ ለማቅረብ ያገለግላሉ።

የትምህርት ቤት ምገባ ሌላው አማራጭ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በበጀቱ የሚያካሂደው ምገባ፣ ሕፃናትን ከመመገቡ ባሻገር ምግቡን ለሚያዘጋጁት እናቶች የሥራ ዕድል ፈጥሯል። በብራዚል የቤሎ ኦሪዞንቴ ከተማ አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ1993 የምግብ ጉዳይን የሚከታተል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ በአነስተኛ ዋጋ የሚያስተናግዱ ሕዝባዊ ምግብ ቤቶችን፣ የትምህርት ቤት ምገባንና የአርሶ አደሮችን ቀጥታ ሽያጭ በአንድነት መርቷል።

ሁለቱም ተሞክሮዎች የሚያሳዩት ጉዳዩ በጀትና ባለቤት ሲኖረው ድጋፉ የአንድ ሰሞን ዘመቻ ከመሆን እንደሚድን ነው። በሰንበቴና በመሰል ከተሞችም ሥራው የሚጀመረው ማን እንደተራበ በሚያሳይ የታደሰ መዝገብ፣ ክፍያ በሚፈጸምበት የታወቀ ቀንና አቤቱታ በሚቀበል ክፍት ቢሮ ነው።