«ኮንሰርቫቶሪ» የሚለው ቃልና የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤቶቻችን ስም

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው ጎዳና የሚመላለስ ሰው በየአጥሩና በየበሩ ላይ «አካዳሚ» የሚል ቃል ተጽፎ ያያል። ሕፃናት ፊደል የሚቈጥሩበትም ቤት፥ ወጣቶች ለፈተና የሚዘጋጁበትም ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። ብዙው ወላጅም አካዳሚ ማለት ገንዘብ የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ማለት እንደ ሆነ አድርጎ ይረዳዋል። ይህን ስናይ አንድ ጥያቄ ተነሣብን፤ ይኸውም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የኪነ ጥበብ ትምህርት የሚሰጥባቸውን ቤቶች «አካዳሚ»፥ «ኮንሰርቫቶሪ»፥ «ስኩል» እያሉ የሚለዩበት ምክንያት ምንድን ነው? እኛስ የትኛውን ቃል ወሰድን፥ የትኛውን ተውን? የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በተለይ «ኮንሰርቫቶሪ» የሚለውን ቃል ታሪክ እንመረምራለን።

አስቀድመን ስለ «አካዳሚ» ጥቂት እንበል። ቃሉ መጀመሪያ ከአቴና ከተማ ውጭ የነበረ የዛፍ ሥፍራ ስም ነው፤ አፍላጦን ደቀ መዛሙርቱን በዚያ ስላስተማረ ስሙ ወደ ትምህርት ተላለፈ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1563 በፍሎሬንስ ከተማ ሠዓሊዎችና ቀራጮች የራሳቸውን አካዳሚ አቋቋሙ፤ በ1768 ደግሞ በለንደን የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተመሠረተ። እነዚህ ቤቶች ተማሪ ቢቀበሉም በመጀመሪያ የመምህራን ማኅበር ነበሩ። ስለዚህ በዚህ አገባቡ አካዳሚ ማለት አዋቂዎች ተሰብስበው የጥበቡን ሥርዓት የሚወስኑበት ቤት ማለት ነው።

የ«ኮንሰርቫቶሪ» ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቃሉ የመጣው መጠበቅ ከሚል የላቲን ግሥ ነው። በናፖሊ ከተማ ከ1537 ጀምሮ ወላጅ የሌላቸው ልጆች የሚጠበቁባቸው የበጎ አድራጎት ቤቶች ተከፍተው ነበር፤ እነዚህም በኢጣልያንኛ «ኮንሰርቫቶሪዮ» ተባሉ። እንግዲህ በዚያ ዘመን የሚጠበቀው ሙዚቃው ሳይሆን ልጁ ነበር። ልጆቹ እንጀራቸውን የሚያገኙበት ሙያ ያስፈልጋቸው ስለ ነበር ዜማ ተማሩ፤ በቤተ ክርስቲያንና በቀብር ላይ እየዘመሩም ቤታቸውን ረዱ። በኋላም የሙዚቃው ትምህርት እየበረታ ሄዶ ቤቶቹ በመላው አውሮፓ ታወቁ። ፈረንሳዮች በ1795 በፓሪስ የመንግሥት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ይህንኑ ስም ወሰዱ፤ ሆኖም ቤቱ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አልነበረም። ስሙ ቀረ፥ ትርጉሙ ግን ተለወጠ።

ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም ቃሉ ሁለት መልክ ያዘ። በእንግሊዝ አገር «ኮንሰርቫቶሪ» የሚባለው አትክልት ከብርድ የሚጠበቅበት የመስተዋት ቤት ስለ ሆነ፥ ለሙዚቃው ቤት የፈረንሳይኛውን «ኮንሰርቫቷር» ይመርጣሉ። አሜሪካኖች ግን በ1867 በቦስተን እንደ ተከፈተው ያለውን የሙዚቃ ቤት «ኮንሰርቫቶሪ» ይሉታል። ደግሞም በ1822 በለንደን የተመሠረተው የሙዚቃ ቤት «አካዳሚ» ተባለ። ከዚህ የምንረዳው በስሞቹ መካከል ያለው ድንበር ባለቤቶቹ ዘንድ እንኳ ያልጸና መሆኑን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ትምህርቱን ሲከፍሉ ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት፥ መጽሐፍ ቤት ብለው ነው። ስሙ ስለ ቤቱ ክብር አይናገርም፤ የሚማሩበትን ነገር ብቻ ይነግራል። የደረጃው ከፍታ የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በምስክሩ ነው፤ ድጓ የተማረ በቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ በዙር አምባ ያስመሰክራል። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ሕዝቡ «ተማሪ ቤት»፥ በኋላም «ትምህርት ቤት» እያለ በዚያው «ቤት» በሚለው ቃል ጠራው።

የናፖሊውን ታሪክ የሚመስል ነገር በአገራችንም ተፈጽሟል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ከእልቂት የተረፉ የሙት ልጆችን የሙዚቃ ጓድ ሰምተው አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። እነዚህም «አርባ ልጆች» የተባሉት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ። ለዚያ ጓድ «ኮንሰርቫቶሪ» የሚል ስም የሰጠው አልነበረም፤ ነገር ግን የቃሉን የመጀመሪያ ትርጉም፥ ማለትም ወላጅ የሌለውን ልጅ በሙዚቃ ማሳደግን፥ ከብዙዎቹ የአውሮፓ ኮንሰርቫቶሪዎች ይልቅ የፈጸመው እርሱ ነው ብንል አንሳሳትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ታላላቅ ቤቶች ተከፈቱ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ሥነ ጥበብ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። በሮቸስተር ከተማ ሙዚቃ የተማሩት አሸናፊ ከበደ ደግሞ በስድስተኛው መቶ ዓመት በነበረው በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት መሩ። ሁለቱም ምሁራን የተማሩባቸው የአሜሪካ ቤቶች በስማቸው «ስኩል» የሚባሉ ነበሩ። «ትምህርት ቤት» የሚለው አጠራር የጸናው በከፊል በዚህ፥ በከፊልም ከጥንቱ «ቤት» ጋር ስለሚስማማ ይመስለናል።

አንዳንዶች ይህን ስም ይነቅፉታል። «ትምህርት ቤት» ሲባል ሰው የሕፃናቱን ቤት ስለሚያስብ፥ የጥበብ ምሩቃንን ክብር ዝቅ ያደርጋል ይላሉ። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም፤ ሥዕልና ሙዚቃ እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ጨዋታ በሚታይበት አገር ስም ይጠቅማል። ሆኖም ሁለቱም ቤቶች የዩኒቨርሲቲው ክፍል ከሆኑ በኋላ እንኳ «ትምህርት ቤት» የሚለውን አጠራር አልተዉም። በአንጻሩ «አካዳሚ» የሚለው ቃል በየሰፈሩ ሲረክስ አይተናል፤ «ኮንሰርቫቶሪ»ም ቢመጣ ዕድሉ ከዚህ የተሻለ እንደማይሆን እንፈራለን።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበን በቃሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ ነው። ኮንሰርቫቶሪ መጠበቂያ ነው፤ ምን ይጠበቅበት? በያሬድ ትምህርት ቤት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ክራር፥ ማሲንቆ፥ በገናና ዋሽንት የትምህርቱ ክፍል ሆነዋል። በ1960ዎቹ አለሙ አጋ በገና ያስተማሩት በዚሁ ቤት ነው። በገና ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በጆሮና በጣት የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ አንድ ትውልድ መምህር ካጣ መጽሐፍ አይመልሰውም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚያስተምር ቤት ስሙ ምንም ቢሆን በእውነት ጠባቂ ነው።

ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ወጣት ከእነዚህ ሁለት ቤቶች በአንዱ ለመማር ቢፈልግ ከተማውን አቋርጦ እስከ ስድስት ኪሎ አካባቢ መሄድ አለበት። በፋብሪካውና በባቡር ሐዲዱ አጠገብ ላደጉት ልጆች አንድ ቀን በሰፈራቸው የጥበብ ቤት ቢከፈትላቸው ምኞታችን ነው። ያን ጊዜ በበሩ ላይ የሚጻፈው ቃል ሊያከራክር ይችላል። እኛ ግን አስቀድመን የምንጠይቀው፥ ቤቱ የትኛውን ልጅ ያሳድጋል? የትኛውንስ ጥበብ ይጠብቃል? የሚለውን ነው። ለእነዚህ መልስ ያለው ቤት «ዜማ ቤት» ወይም «ሥዕል ቤት» ቢባል ይበቃዋል።