«ይቻላል» እና «ይገባል»፦ ከውጫሌ ውል የሚገኝ የአጻጻፍ ትምህርት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆም ያልፋል። ይሁን እንጂ አንድ ግሥ ያስከተለው ታላቅ መዘዝ የተጀመረው በዚሁ ስፍራ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጾች ያሉትን ውል በውጫሌ ተፈራረሙ። የዚህ ውል ታሪክ ለዲፕሎማቶችና ለታሪክ ሊቃውንት ብቻ የተተወ ቢመስልም፣ ስፔሲፊኬሽን፣ የውል ሰነድና የቴክኒክ ዘገባ ለምንጽፍ መሐንዲሶችም የሚያስተምረን ቁም ነገር አለው።

እንደሚታወቀው የክርክሩ ምንጭ አንቀጽ 17 ነበር። በአማርኛው ቅጂ መሠረት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል። በኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ለማድረግ ተስማምተዋል። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ግዴታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ግሥ ብቻ ነው።

ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን አንቀጽ 19 ነው። ይህ አንቀጽ ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ መጻፉን፣ ሁለቱም ቅጂዎች ፍጹም የተስማሙ መሆናቸውንና እኩል ሥልጣን እንዳላቸው ያረጋግጣል። እንግዲህ ሰነዱ ራሱ ስለ ራሱ መስክሯል ማለት ነው። ምስክርነቱ በወረቀቱ ላይ ሰፍሮ ሳለ ልዩነቱ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ጥፋቱ የአስተርጓሚ ስሕተት ነው ወይስ የአንቶኔሊ ተንኰል የሚለውን ለታሪክ ሊቃውንት እንተወው። በየትኛውም ቢሆን፣ ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ተይዘው ግሥ በግሥ ቢነጻጸሩ ኖሮ ልዩነቱ ከፊርማው በፊት በታየ ነበር።

ኢጣልያ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. አንቀጽ 17ን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ለእንግሊዝና ለጀርመን ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ «በኢጣልያ በኩል ይምጣ» የሚል መንፈስ ያለው መልስ በተሰጠው ጊዜ ነው። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። መጨረሻው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ሆነ። ኢጣልያ ለጦርነት ያነሣሣት አንቀጽ 17 ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ለይገባኛል ባይነቷ የያዘችው ወረቀት እርሱ ነበር።

ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት የተማርሁት ቢሆንም ትርጉሙ የገባኝ በራሴ ጥፋት ነው። በደሴ ተዳፋት ላይ ለሚሠራ የአፈር መደገፊያ ግንብ ስፔሲፊኬሽን አዘጋጅቼ ነበር። ከግንቡ ጀርባ የሚጠራቀመውን ውኃ የሚያስወጡ ቱቦዎች የግድ እንዲገቡ በእንግሊዝኛው ጽፌ፣ በአማርኛው ግን «ቱቦዎች ማስገባት ይቻላል» ብዬ አለፍሁ። ሥራ ተቋራጩ የተሰጠው አማርኛው ነበርና ቱቦዎቹን ተወ። ክረምቱ ሲገባ አፈሩ ውኃ ጠጣ፤ ግንቡም ሆዱን ነፋ። ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ ተቋራጩ ያልጣሰው ነገር ስላልነበረ ወጪው በአሠሪው ላይ ወደቀ። «ያረጋገጠው» በሚለው ቦታ ላይ የሰፈረው ፊርማ የእኔ ነው። ያ ፊርማ የእኔ አንቀጽ 19 ነበር።

ጽሑፉን ሳላነበው ቀርቼ አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ጸሐፊ የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አያይም። ስለዚህ የራስን ጽሑፍ ማረም ደጋግሞ ከማንበብ የተለየ ሥራ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ጽሑፉን ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሬ፣ በየአንቀጹ ያለውን ማሰሪያ ግሥ ብቻ እያሰመርሁ አነባለሁ፤ «ይቻላል» ባለበት ሁሉ «ባይደረግስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ጉዳት ከሆነ ግሡ «ይገባል» ወይም «ግዴታ ነው» መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ቁጥሮችን ከነመለኪያቸው ለብቻ አነባለሁ። የሲሚንቶ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም፣ ከረጢቱ ግን 50 ኪሎ ግራም ነው፤ ሁለቱን የቀላቀለ መሐንዲስ ድብልቁን በእጥፍ ያሳስታል። «2 ሰዓት» በእኛ አቈጣጠር ጧት ሲሆን ለውጭ አገር ባለሙያ ሌላ ነው። በመስከረም 1992 ዓ.ም. ወደ ማርስ የተላከችው የአሜሪካ መንኰራኩር የጠፋችው አንዱ ወገን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ስላሰላ እንደሆነ አንዘንጋ።

ሦስተኛ፣ የአማርኛውን ቅጂ ብቻ ይዤ፣ እንግሊዝኛውን ሳላይ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጋር አስተያየዋለሁ። በውጫሌ የጎደለው ይህ ነበር። በመጨረሻም አንድ ፎርማን እንዲያነበውና ምን እንደሚሠራ በቃሉ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰነድ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ያን ግንብ ማፍረስና መልሶ መሥራት ግን ወራት ፈጅቷል። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሲሽር የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት ለትርጓሜ በማያመች ቃል አስፍሯል። ያ ግልጽነት የተገኘው ግን በብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወት ነው። አባቶቻችን «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ፤ የብዕር ወለምታ ግን ወረቀቱ ከእጃችን ሳይወጣ ሊታሽ ይችላልና፣ ከመፈረማችን በፊት እንሸው።