አከራይ "ኪራይ ጨምሩ" ሲል ምን እናድርግ? ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ተከራዮች

#የቤት_ኪራይ

"ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 9 ሺህ ነው፤ ካልተስማማችሁ ቤቱን ልቀቁ።"

ይህን የሰማ ተከራይ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ዝም ብሎ ይከፍላል፣ ወይ ተናዶ ዕቃ መጫን ይጀምራል። ግን በመሃል መነጋገር የሚባል ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽታችሁ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ከገባችሁ ይህን ሴቭ አድርጉት።

📌 የትኛው ሕግ ነው የሚመለከታችሁ?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከያዛቸው ነጥቦች ዋና ዋናዎቹ፦

◾ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዝገብ
◾ የውል ዘመን በመርህ ደረጃ ከ2 ዓመት አይነስ
◾ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን
◾ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ
◾ ክፍያ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ

ግን ልብ በሉ! አዋጁ አዲስ አበባና ድሬዳዋን ይመለከታል፤ በክልል ደግሞ ክልሎች በሚለዩዋቸው ከተሞች ነው የሚሠራው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ሸገር የኦሮሚያ ክልል ነው። ስለዚህ "አዲስ አበባ ላይ ጭማሪ ተከለከለ" የሚል ዜና ስክሪንሾት ይዞ ቡራዩ ያለ አከራይ ጋር መከራከር ብዙም አያስኬድም። ታክሲው አንድ ቢሆንም አስተዳደሩ ሌላ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ "የኪራይ ውል የሚመዘግብ ክፍል አለ? ጭማሪ ላይ የወጣ መመሪያስ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። በዚህ ሕግ ዋጋው የሁለታችሁ ስምምነት ነው። ውሉ ሌላ ነገር ካላለ በስተቀር ጊዜው ሳያልቅ አከራይ ብቻውን ዋጋ መለወጥ አይችልም። ውሉ አልቆ አከራይ እያወቁ ሳይቃወሙ መኖር ከቀጠላችሁ ደግሞ ጊዜው ላልተወሰነ ዘመን እንደታደሰ ይቆጠራል፤ ያኔ ግን አንዱ ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል። ስለዚህ ንግግሩን ውሉ ከማለቁ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

📌 ከመነጋገር በፊት ሂሳብ ሥሩ

በአካባቢው ሦስት አራት ቤት ጠይቁ። ስታወዳድሩ ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ይሁን፦ ከአስፋልት ያለው ርቀት፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የግል ወይም የጋራ መሆኑ፣ መጸዳጃው፣ የበር መዝጊያ ሰዓት። ትራንስፖርቱንም አትርሱ። ከጅማ መንገድ፣ ከአምቦ መንገድ ወይም ከጎጃም መንገድ ገባ ያለ ቤት ኪራዩ ቢረክስም የባጃጅ ወጪው ይበላዋል።

ለምሳሌ፦ አሁን የምትከፍሉት 6,000 ብር፣ የተጠየቃችሁት 9,000 ብር ነው እንበል። ተመሳሳይ ቤት በ7,500 አገኛችሁ። ለደላላ፣ ለመኪናና ለጫኝ፣ ለቁልፍና ለቀለም በድምሩ 10,000 ብር ቢወጣ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 833 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ አዲሱ ቤት በመጀመሪያው ዓመት በወር 8,333 ብር ያህል ያስወጣችኋል። ያለችሁበት ቤት ከዚያ በታች ከሆነ መቆየት ያዋጣል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ መልቀቅ። ይህ ቁጥር ጣሪያችሁ ነው፤ ለአከራይ አትንገሩ 😊

አከራይም ሂሳብ አላቸው። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢሆን 6,000 ብር ይቀርባቸዋል፤ ይህ የጠየቁት ጭማሪ የሁለት ወር ነው። በሰዓቱ የሚከፍል፣ ግቢ የማይረብሽ ተከራይ ቀላል ነገር አይደለም።

📌 እንዴት እንነጋገር?

በቴክስት አይሁን። ኪራይ ባሳለፋችሁበት ቀንም አይሁን። በአካል፣ ረጋ ብላችሁ፣ ለምሳሌ እንዲህ፦

"እትዬ፣ ኑሮው በእርስዎም ላይ እንደከበደ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ስኖር አንድ ቀን ኪራይ አሳልፌ አላውቅም። 9 ሺህ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። 7 ሺህ ላድርገውና የሁለት ዓመት ውል እንፈራረም?"

እምቢ ካሉ ሌላ አማራጭ አቅርቡ፦

✅ ጭማሪውን ከፋፍሎ ማድረግ (አሁን 7,000፣ ከስድስት ወር በኋላ 8,000)
✅ ጭማሪውን ተቀብሎ በምትኩ የሚያፈስ ጣሪያ ማስጠገን ወይም ቆጣሪ ማስለየት
✅ ሁለታችሁም የምታከብሩትን የሰፈር ሽማግሌ በመሃል ማስገባት

📌 ስትስማሙ ጻፉት

"ችግር የለውም፣ እንተማመናለን" ውል አይደለም። ዋጋው፣ የሚጀምርበት ቀን፣ የውሉ ዘመን፣ የሚቀጥለው ጭማሪ መቼ እንደሆነ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያ፣ ለመልቀቅ ስንት ወር ቀድሞ እንደሚነገር ይጻፍ። ምስክሮች ይፈርሙ፣ አንድ ኮፒ እናንተ ጋር ይቅር። በሸገር ቢሮዎች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ውሉ በዚያ ከተጻፈና ካልገባችሁ ሳትፈርሙ በምታምኑት ሰው አስነብቡት።

⚠️ "9 ሺህ ክፈሉ፣ ውሉ ላይ ግን 5 ሺህ እንጻፍ" ከተባላችሁ እንቢ በሉ። ነገ ጠብ ቢነሳ እጃችሁ ላይ ያለው ማስረጃ የ5 ሺህ ብቻ ነው። ስትከፍሉም በባንክ ወይም በቴሌብር፣ ምክንያቱ ላይ "የጥቅምት ወር ኪራይ" ብላችሁ።

📌 ባንስማማስ?

ኪራይ አታቁሙ። እየተነጋገራችሁ ነባሩን ዋጋ በቀኑ አስገቡ፤ አለመክፈል ለአከራይ ጥሩ ምክንያት መስጠት ነው። አከራይ ደግሞ ስለተናደዱ ብቻ ቁልፍ ቀይረው ወይም ዕቃ አውጥተው መጣል አይችሉም፤ ክርክር ካለ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ፎቶ አንሱ፣ ውሉንና የክፍያ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ፖሊስ ሂዱ።

ሂሳቡ መልቀቅ ነው ካለም በሰላም ልቀቁ። የመብራትና የውሃ ዕዳ ዝጉ፣ ቁልፍ ስታስረክቡ "ተረክቤያለሁ" የሚል ፊርማ ተቀበሉ።

ጭማሪ የተጠየቀ ጓደኛ አላችሁ? ሼር አድርጉለት።