ከግንባር እስከ ደረት

«ሽልማት» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ማረፊያ አለው። አንደኛው ደረት ነው፤ ኒሻኑና ሜዳዩ የሚንጠለጠሉት በዚያ ነው። ሁለተኛው ግንባር ነው። መርካቶ ውስጥ በሠርግ ዳስም ሆነ በጠጅ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ስም ጠርቶ ሲያወድስ፣ የተወደሰው ሰው ከመቀመጫው ይነሣና ከኪሱ ያወጣውን ብር በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ሸለመው ይባላል። ንጉሥ ጀግናን ኒሻን ሲያደርግለትም ሸለመው ይባላል። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ሁለቱ ድርጊቶች አንድ አይደሉም። የደረቱ ሽልማት ተሸላሚውን ከሸላሚው አጠገብ ያቆመዋል፤ የግንባሩ ግን ማን ከላይ ማን ከታች እንደሆነ ለተመልካች ሁሉ ያሳያል። የኢትዮጵያ ከያኒ ከግንባር ተነሥቶ ደረት ላይ ለመድረስ ምን ያህል ዘመን እንደፈጀበት፣ ከደረሰስ በኋላ ምን እንዳገኘ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። መርካቶን መቆሚያችን ማድረጋችን ደግሞ ሁለቱን ሽልማቶች ከነጉድለታቸው ያየ ሰፈር በመሆኑ ነው።

«አዝማሪ» የሚለው ስም ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ ነው። «መዘምር»ም ከዚያው ሥር በቅሏል። ይሁንና አንዱ ቅኔ ማኅሌት ቆሞ ጸናጽል ሲይዝ የተከበረ ሊቅ ሆነ፤ ሌላው ማሲንቆ አንግቶ ከደጅ ደጅ ሲዞር ስሙ ስድብ ሆነ። ልጁን ለአዝማሪ መዳር እንደ ውርደት የቆጠረ ቤተሰብ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ያው የተናቀው ሰው ይፈራ ነበር። መኳንንቱ አዝማሪን ከግብራቸው አዳራሽ ያላራቁት ለጨዋታው ሲሉ ብቻ አልነበረም፤ በሰሙ ያወደሰ አፍ በወርቁ ሊያዋርድ እንደሚችል ያውቁ ስለነበር ጭምር ነው። አዝማሪ ጦር ተከትሎ ዘምቷል፤ የሚዋጋውን አጀግኗል፣ የሚሸሸውን አሳፍሯል። መናቅና መፈራት በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ተደርበው ሲገኙ መከበር ለሚባለው ቦታ አይተርፍም።

ከዚህ ወጥ የሚለዩ አንድ ሰው ነበሩ፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ። ዳግማዊ ምኒልክ ለሙያ ትምህርት ወደ ጀርመን አገር ሰደዋቸው ሳለ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በርሊን ውስጥ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከኢትዮጵያውያን ዘፈንን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚው ናቸው። ዳሩ ግን ታሪክ የሚያስታውሳቸው በአዝማሪነት ማዕረግ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማዕረግ አልነበረምና። ነጋድራስ የነጋዴ አለቃ ሹመት ነው። ግጥማቸው የተወደደላቸው፣ ድምፃቸው በሸክላ የቀረላቸው ሰው ክብር የተሰጣቸው በገበያና በቀረጥ በኩል መሆኑ የዘመኑን ሚዛን ያሳያል። ባለ ሥልጣን ቢዘፍን ጨዋታ ዐዋቂ ይባላል። አዝማሪ ቢዘፍን አዝማሪ ነው።

ከያኒው ኃይል እንዳለው በጽሑፍ አስፍሮ ያረጋገጠው መንግሥት፣ ሲነገር የሚያሳፍር ቢሆንም፣ የገዛ አገሩ መንግሥት አልነበረም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ፣ በመጋቢት ወር፣ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ሁሉ ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያ ዕለትም 70 ሰዎች ተይዘው መገደላቸውን አስታውቋል። ምክንያቱም የጣሊያን አገዛዝ እንደሚያልፍ በየገበያው ይናገራሉ የሚል ነበር። ፋሺስቱ አዝማሪን ከጦር አለቃ እኩል ፈርቶ ከጦር አለቃ እኩል ገደለው። እነዚያ 70 ሰዎች በስማቸው አይታወቁም። ማሲንቆአቸው የት እንደወደቀ የሚናገርም የለም።

መርካቶ የተወለደው በዚያው ዘመን ነው። የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጡት ዕቅድ መሠረት የኢትዮጵያውያኑን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው አዲስ ከተማ ላይ ሠሩት። ሕዝቡም የጣሊያንኛውን ቃል ወርሶ መርካቶ አለው። ለመለየት የታሰበው ሰፈር ግን አገር ሁሉ የተቀላቀለበት ሆነ። ከራጉኤልና ከአንዋር መስጊድ ዙሪያ እስከ ጎጃም በረንዳ፣ ከሸማ ተራ እስከ አውቶብስ ተራ ያለው ሕዝብ የእያንዳንዱን አገር ዜማ ይዞ ገባ። ጉራጌው በጭፈራው፣ ጎጃሜው በማሲንቆው፣ ሐረሬው በድቤው መጣ። ሲኒማ ራስ ይባል የነበረው፣ ከአብዮቱ በኋላ ራስ ቴአትር የሆነው መድረክም የዚሁ ሰፈር ነው። የመርካቶ ሰው ለቴአትር ወደ መሐል ከተማ መውጣት ሳያስፈልገው ተሸካሚውም ባለ ሱቁም ባንድ አዳራሽ ታድመዋል።

መንግሥት ኪነትን በተቋም መያዝ የጀመረው ከወረራው ዋዜማ አንሥቶ ነው። በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር አዝማሪዎችን ሰብስቦ ሕዝብን ለመከላከል ያነቃቃ ነበር። ከነፃነት በኋላም ቴአትር ቤት ሆኖ ቀጠለ። የማዘጋጃ ቤቱ የቴአትርና የሙዚቃ ክፍል ተከተለ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊቱና ፖሊስ የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በዚህም አዝማሪው ደመወዝ፣ ዩኒፎርምና የወር ደብተር አገኘ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ አናሳንሰው። ነገር ግን የተከበረው ዩኒፎርሙ ነበር እንጂ ድምፁ አልነበረም። ድምፃዊው ወታደር ነው፤ ታዝዞ ይዘፍናል፣ ባይዘፍን ይቀጣል። የሴቷ ዕጣ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት በሰው ዘንድ ስሟ አይተርፍምና። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ በዚያ መድረክ ላይ ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ያን ዕለት ማንም ኒሻን አላደረገላትም፤ ሊደረግላት የሚገባው ግን ያን ዕለት ነበር።

የሁለቱ ሽልማቶች ልዩነት ጎልቶ የታየው በክቡር ዘበኛ ውስጥ ነው። አበበ ቢቂላ የዚህ ክፍል ወታደር ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠም የዚህ ክፍል ድምፃዊ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። አገሩ ሲገባ ማዕረግና ኒሻን ተቀበለ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክቡር ዘበኛ መኰንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍ አበበ የክፍሉ ሰው በመሆኑ ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ተለቀቀ፤ ጥላሁንም ታሰረ። እስር ቤቱ ሁለቱን እኩል አድርጓቸው ነበር ማለት ይቻላል። ሽልማቱ ግን እኩል አላደረጋቸውም። አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሲደግም የመቶ አለቅነት ማዕረግና ነጭ ቮልስዋገን ተሰጠው፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በሻምበልነት ሲያርፍ ንጉሠ ነገሥቱ በቀብሩ ላይ ተገኝተው የሐዘን ቀን አወጁ። ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ጥያቄው ለምን ለሯጩ ቶሎ፣ ለድምፃዊው ዘግይቶ የሚል ነው። እንደሚመስለን የሯጭ ምስክሩ ሰዓት ነው፤ ሰዓትን ደግሞ ባዕዱም ባለ ሥልጣኑም እኩል ያነብበዋል። የዘፋኝ ምስክሩ ያድማጭ ልብ ነው። በቤተ መንግሥት የተደረደሩት መዝጋቢዎች የመርካቶን ተሸካሚ ልብ የሚያነቡበት መሣሪያ አልነበራቸውም።

ስፖርትና ዘፈን በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል ተቀራርበው እንደኖሩ ለማየት ወደ ነጋድራስ ተሰማ ቤት መመለስ ይበቃል። የቅዱስ ጊዮርጊሱ ኳስ ተጫዋች፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን የመሩት፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት ይድነቃቸው ተሰማ የእኒያው የነጋድራስ ልጅ ናቸው። አባት በሸክላ፣ ልጅ በኳስ። የአባት ዘፈን እንደ ጨዋታ ታየ፤ የልጅ ጨዋታ እንደ አገር ጉዳይ።

አሁን ወደ መርካቶ ልጅ እንምጣ። ማሕሙድ አሕመድ በ1933 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ ሰፈር ነው። ጫማ ጠርጓል፤ ኋላም የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ ይሰበሰቡበት በነበረው አሪዞና ክለብ በረዳትነት ተቀጠረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ምሽት ጥላሁን ሳይመጣ ቢቀር ሊስትሮ የነበረው ልጅ እንዲዘፍን ለመነ። ከዚያ ወዲያ ከመድረክ አልወረደም። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. ቢቢሲ ለአፍሪካ ክፍል የሚሰጠውን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ሲቀበል የመርካቶ ሰው አልደነቀውም። ሰፈሩ የራሱን ሽልማት ቀድሞ ሰጥቶት ነበር፤ በየበረንዳው፣ በየሱቁ፣ በየታክሲው።

ነገሩን የሚያወሳስበውም እዚህ ላይ ነው። በ1961 ዓ.ም. ገደማ ወጣቱ አምሐ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ደፍሮ አሳተመና የአለማየሁ እሸቴን፣ የማሕሙድንና የሌሎችንም ድምፅ ከመንግሥት እጅ አውጥቶ ለገበያ አቀረበ። አብዮቱ ሲመጣ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ብዙ ድምፅ ከዚያ ወጥቷል፤ ብዙ ድምፅም መፈክር ተሸክሞ ደክሟል። ለዓመታት የዘለቀው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ ቤት ሲዘጋ ዘፈን ከመድረክ ወጥቶ ቤት ገባ፤ የገባውም በካሴት ነው። የካሴት ዋና ገበያ ደግሞ መርካቶ ነበር። አንድ ካሴት ከመርካቶ ተነሥቶ በአውቶብስ ተራ በኩል ጎንደርና ጅማ ደረሰ። ከዚያም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ተባዛ፤ ከአንዱ አሥር፣ ከአሥሩ ሺሕ። ድምፃዊው ስሙ አገር ሞልቶ እጁ ባዶ ሆነ። ሠርግ ላይ ግንባሩ ላይ መቶ ብር የለጠፈለት ነጋዴ በማግሥቱ ቅጂውን ሲሸጥ ወይም ሲገዛ ኅሊናው አይወቅሰውም፤ ትናንት ሸልሞታላ!

ባለፉት ዐሥርታት የደረቱ ሽልማት በብዛት መጥቷል። ዩኒቨርሲቲዎች ለከያንያን የክብር ዶክትሬት መስጠት ጀመሩ፤ ዓሊ ቢራን ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙላቱ አስታጥቄን በ2004 ዓ.ም. አሜሪካ የሚገኘው የበርክሌ ሙዚቃ ኮሌጅ በዚህ አክብረዋቸዋል። ጥላሁንም «ክቡር ዶክተር» ተባለ። ክቡር ዘበኛ ውስጥ ሳለ «ክቡር» የሚለው ቃል የዘበኛው እንጂ የእሱ አልነበረም። ሕዝቡ ግን በዶክትሬቱም በኋላ «አንተ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ይህ ጸሐፊም ነጋድራሱን «እሳቸው» ብሎ ጥላሁንን «እሱ» ማለቱን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ፍቅር ነው ይባላል። አብዛኛው ፍቅር ነው፤ ከአሮጌው ንቀት የቀረች እፍኝ የለችበትም ለማለት ግን አልደፍርም።

ጥላሁን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. አረፈ። መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገለት፤ ሕዝቡም በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ አለቀሰ። ከአበበ ቀብር እስከ ጥላሁን ቀብር ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል አለ። ያረፈበት የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የንጉሠ ነገሥቱም አፅም በ1993 ዓ.ም. የገባበት ነው። የታሰረውና የመንግሥቱ ባለቤት በአንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው። በዚያች ዕለት መርካቶ ውስጥ ከየሱቁ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነበር። ከዚያ ካሴትና ሲዲ ውስጥ ስንቱ በፈቃድ የታተመ ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ የልቅሶ ቀን ሒሳብ አይጠየቅም።

ለአንድ ከያኒ ከኒሻንም ከግንባር ብርም የሚበልጠው ሽልማት በአዋጅ መልክ የመጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲው፣ ድምፃዊውና አሳታሚው በሥራቸው ላይ መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ ቁጥር 872፣ ደግሞ ባለመብቶች ክፍያቸውን በጋራ የሚሰበስቡባቸው ማኅበራት እንዲቋቋሙ መንገድ ከፈተ። በሕጉ የድምፃዊው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። አምሐ እሸቴ ያሳተማቸው የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች አዋጁ ሲወጣ 35 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። 50 የሞላቸው በ2011 ዓ.ም. ገደማ ነው።